መሐሉ ባዶ የሆነው ሥዕል

ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ ሕንድ አገር በገባሁ በአራተኛው ወር ያየሁት አንድ ጨርቅ ነው። ሥዕል የተሳለበት ጨርቅ። ስንት ዓመት አለፈው፤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ያኔ ለማስተርስ ትምህርት አህመዳባድ ነበርኩ። ከተማዋ ውስጥ ካሊኮ የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ሲያሻቸው ዘው የሚሉበት ቦታ አይደለም፤ ቀድሞ ተመዝግቦ ተራ መጠበቅ ያስፈልጋል። ውስጥ ፎቶ ማንሳት የለም። ስለዚህ ያየሁትን በዓይኔ ብቻ ይዤ ነው የወጣሁት።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ግድግዳው ላይ ከቁመቴ የሚበልጥ የጥጥ ጨርቅ ተሰቅሏል። መደቡ ሌሊት የመሰለ ሰማያዊ ነው። በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት ሴቶች ቆመዋል። ልብሳቸው ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ወርቅ። አንዷ የአበባ ጉንጉን ይዛለች። አንዷ የጣዎስ ላባ ማራገቢያ። አንዷ ልክ እንደኛ አገር ያለ ጭራ። ከላይ ሰማዩ ደመና አዝሏል፤ ነጫጭ ወፎች ተሰልፈው ይበራሉ። ከታች ላሞች አንገታቸውን ቀና አድርገዋል። ጀርባቸው ላይ ቀለም የተነከረ የሰው መዳፍ ታትሞባቸዋል። ሴቶቹም ላሞቹም ወደ መሐል ነው የሚያዩት።

መሐሉ ላይ ግን ማንም የለም። አንድ ዛፍ ብቻ ቆሟል።

አላለቀም ማለት ነው አልኩ በልቤ። ወይ ደግሞ መሐሉ ተፍቆ ይሆናል። ጠጋ ብዬ አየሁት። አልተፋቀም። የዛፉ ቅጠል አንድ በአንድ ነው የተሳለው። ቢጫ ኳስ የሚመስሉ አበቦቹ ላይ ያለው ነጠብጣብ እንኳን ይቆጠራል። እንዲህ የለፋ ሠዓሊ ዋናውን ረሳው ማለት አይቻልም።

«አምላኩ የታለ?» ብዬ አስጎብኚዋን ጠየቅኋት።

«ይሄ ፒችዋይ ነው። ከኋላው የሚሰቀል ማለት ነው» አለችኝ። እና ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈች። ሰልፉ ገፋኝ፤ እኔም አለፍኩ።

አንድ ዓይን

እኔ ጎንደር ነው ያደግኩት። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ጣሪያው ሙሉ መላእክት ነው። ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩናል። ልጅ ሆኜ ቅዳሴ ሲረዝምብኝ አንጋጥጬ ነበር የማያቸው። እነሱም አይተውኝ አይጠግቡም።

ዓይን እንዴት እንደሚነበብ ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው። «ሁለት ዓይኑ የሚታየው ጻድቅ ነው። አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ክፉ ነው» ይሉኝ ነበር። ይሁዳን ፈልጊው ሲሉኝ ወዲያው አገኘዋለሁ። ሰይጣንንም። ሰማዕታቱን የሚያሠቃዩት ወታደሮችም እንዲሁ ናቸው፤ በጎን የተሳሉ፣ ባለ አንድ ዓይን። ማንም ሳይነግረኝ ይሄ ሕግ ለዓለም ሁሉ የሚሠራ መሰለኝ።

እና እነዚያ የካሊኮ ሴቶች በሙሉ በጎን ነው የተሳሉት። ረዥም፣ ዓሣ የመሰለ አንድ ዓይን። መጀመሪያ ሳያቸው ሰውነቴ ትንሽ ሸሸ። አልዋሽም። ዓይን ያያል ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? ልቤ የፈረደው በአያቴ ሕግ ነው።

በኋላ ነው ነገሩን መልሼ ያሰብኩት። የኛ ቅዱሳን ፊታቸውን ወደኛ የሚያዞሩት እኛን ለማየት ነው። እኛ ፊት ቆመን እንለምናለን፤ እነሱ ያዩናል። እነዚህ ሴቶች ግን እኛን ከነመፈጠራችንም አያውቁም። ሌላ የሚያዩት አለ። በጎን የተሳሉት ዓይናቸው ከመሐሉ ስላልተነቀለ ነው። እኔ ሙዚየም ውስጥ ሆኜ የማየው የሌሎች ሰዎችን ማየት ነው።

ግን ምን ነበር የሚያዩት? ባዶውን?

ባ

የተከራየሁት ክፍል የአንዲት ባልቴት ቤት ላይኛው ፎቅ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሁሉም «ባ» ነው የሚላቸው፤ በጉጃራትኛ እናት እንደማለት ነው። እኔም ባ አልኳቸው። ልጃቸው አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ነው የሚኖረው። ቤቱ ውስጥ እሳቸው፣ አንዲት የምታግዛቸው ልጅ፣ እኔ፣ እና አንድ ሌላ ሰው ነበርን።

ሌላው ሰው ያልኩት ከነሐስ የተሠራ፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ የሂንዱዎች አምላክ ክሪሽና ነው። ገና የሚድህ ሕፃን። አንድ እጁን መሬት ላይ ተክሎ፣ በሌላው እጁ የቅቤ ድቡልቡል ይዟል። ባ ጠዋት ተነስተው ገላቸውን ከታጠቡ በኋላ በሩን ቀስ ብለው ይከፍታሉ። በእጃቸው በስሱ ያጨበጭባሉ። ሕፃን ልጅ በድንገት አይቀሰቀስም። ያጥቡታል፣ ያለብሱታል፣ ያበሉታል። ቀትር ላይ ያስተኙታል። እሱ ሳይበላ ቤቱ ውስጥ ማንም አይበላም። ወጡ ለእሱ ሳይቀርብ አይቀመስም፤ ስለዚህ ባ ጨው የሚመጥኑት በእጃቸው ልማድ ነው። በበዛ ቀን ይቅርታ ሲጠይቁት እሰማለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ብርድ ሲገባ ሹራብ ሠሩለት። የአውራ ጣቴ ቁመት ያህላል። ቢጫ ክር፣ ሦስት ቁልፍ። እያንዳንዱ ቁልፍ የጤፍ ፍሬ ታህል ብል ማጋነን ይሆናል፤ የሽምብራ ቅንጣት ግን አታክልም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ክሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሲሠሩ አይቻለሁ። እጅጌው ጠበበ ብለው ፈትተው እንደገና ጀመሩት።

ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ያረጀ ሥዕል ነበር። መሐሉ ላይ ጥቁር ሰማያዊ የሆነ አምላክ ቆሟል። ግራ እጁ ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ ቀኝ እጁ ወገቡ ላይ ነው። ዓይኑን ወደ ታች ሰበር አድርጓል። ከጎኑ አንድ ሰውዬ እጁን አጣምሮ ይታያል። የሰውዬው ልብስና እጅ በቀለም የተሳለ ነው። ፊቱ ግን ፎቶግራፍ ነው፤ ተቆርጦ የተለጠፈ። «የባሌ አያት ናቸው» አሉኝ ባ። ካሜራ ወደዚያ አገር በገባበት ጊዜ እንዲህ ማሠራት የተለመደ ነበር። ሰዉ የተሳለመውን አምላክ ሥዕል ያዝዛል፤ ከጎኑ የራሱን ፊት ያስለጥፋል። አጠገብህ ነበርኩ ለማለት።

በዚያ ሰሞን እህቴ ከጎንደር ደወለች። «እማዬ አሁንም ላንቺ ስኒ ትደረድራለች» አለችኝ። ቡና ስታፈላ የኔን ስኒ ረከቦቱ ላይ ታስቀምጣለች። ትቀዳበታለች። ይቀዘቅዛል። ትደፋዋለች። ተናደድኩ። አልሞትኩ፣ ለምን እንዲህ ታደርጋለች አልኩ። ተይ በያት አልኳት እህቴን። ስኒው ሙት የሚዘከርበት ነገር መሰለኝ።

ባን ደግሞ አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። ምስር እየለቀሙ ነበር።

«ባ፣ ይሄን ሁሉ ያደርጉለታል። እሱን ምን ይለምኑታል?»

ቀና ብለው አዩኝ። ጥያቄው አልገባቸውም። ሂንዲዬ ተበላሽቶ መስሎኝ ደገምኩት።

«ሕፃን ልጅ ይለመናል እንዴ?» አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት። ልጃቸው ሩቅ ነው፣ ናፍቋቸዋል፣ ነሐሱን በልጃቸው ቦታ አስቀመጡት አልኩ። የተማረ ሰው ማብራሪያ። ሆዴ ግን አልተቀበለውም። ምክንያቱም የባ አማት ሰባት ልጅ ቤት ውስጥ እየተንጫጫባቸው ይሄንኑ ያደርጉ ነበር። የአማታቸውም እናት እንዲሁ። ነገሩ ከኒው ጀርሲ ይቀድማል።

ዛሬ ደህና አልብሰውታል

ጥር ላይ ባ ናትድዋራ እንሂድ አሉኝ። ራጃስታን ውስጥ፣ ከኡዳይፑር በስተሰሜን ሃምሳ ኪሎ ሜትር የማትሞላ ትንሽ ከተማ ናት። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ጥቁር አምላክ ቤት እዚያ ነው። ስሙ ሽሪናትጂ ነው፤ እሱም ክሪሽና ነው። በሌሊት አውቶቡስ ተሳፈርን። ባ እንቅልፍ ስለሌላቸው ታሪኩን አወሩልኝ።

ክሪሽና ልጅ ሳለ የዝናቡ አምላክ ኢንድራ ተቆጥቶ መንደሩ ላይ ዶፍ ለቀቀ። ልጁ ጎቨርደን የሚባለውን ተራራ በግራ እጁ ትንሿ ጣት አንስቶ እንደ ጃንጥላ ያዘው። ሰዉም ላሙም ከሥሩ ተጠለለ። ሰባት ቀን። ግራ እጁ ወደ ላይ የተዘረጋው ለዚያ ነው። ምስሉ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ለረዥም ጊዜ የኖረው ማቱራ አጠገብ፣ እዚያው ጎቨርደን ተራራ ላይ ነበር። የዚህን መንገድ ትምህርት የጀመሩት ቫላባቻርያ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1479 እስከ 1531 የኖሩ መምህር። ሥዕሉን፣ ዜማውን፣ ምግቡን በሥርዓት ያደራጁት ልጃቸው ቪታልናት ናቸው። መንገዱ ፑሽቲ ማርግ ይባላል፤ የጸጋ መንገድ እንደማለት።

ከዚያ የሙጋሉ ንጉሥ አውራንግዜብ ቤተ መቅደሶችን ማፍረስ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1669 ካህናቱ ምስሉን በበሬ ጋሪ ጭነው ወጡ። ከሁለት ዓመት በላይ ተንከራተቱ። መዋር የሚባለው ግዛት ሲሀድ መንደር ሲደርሱ የጋሪው ጎማ ጭቃ ውስጥ ገባ። ቢጎትቱት ቢገፉት እምቢ አለ። «እዚህ ነው የፈለገው» አሉ። የመዋሩ ገዥ ራጅ ሲንግ እጠብቀዋለሁ ብለው ቃል ገቡ። በ1672 እዚያው ቤት ተሠራለት። ባ ጎማው ጭቃ ውስጥ የገባበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። እሳቸው ግን ልጃቸው በመንገድ የተንገላታ ያህል ነው የሚያወሩት።

ንጋት ላይ ደረስን። ራጃስታን በጥር ይበርዳል። ጋቢ የሚያስመኝ ብርድ ነው። ቤቱ ሃቬሊ ነው የሚባለው፤ ቤተ መቅደስ አይሉትም፣ የሰው ቤት ነው። የወተት ቤት አለው፣ የአበባ ቤት አለው። በሩ በቀን ስምንት ጊዜ ይከፈታል። ሲነሳ፣ ሲለብስ፣ ከብት ሲያግድ፣ ምሳ ሲበላ፣ ከቀትር እንቅልፉ ሲነቃ፣ መክሰስ ሲቀምስ፣ ሲመሽ፣ ሲተኛ። ከለበሰ በኋላ መስታወት ያሳዩታል። በየመሐሉ መጋረጃው ይዘጋል። ሰዉ የሚያየው ለጥቂት ጊዜ ነው። ዳርሻን ይሉታል፤ ማየት። አየሁት ብቻ ብለው ግን አያቆሙም። ዳርሻን ሰጠኝ ይላሉ። መታየቱ የእሱ ስጦታ ነው፤ እሱም ያያቸዋል።

እኔ አልገባም አልኩ። የእምነት ቦታ ነው፤ እምነቴ ሌላ ነው። ለማየት ብቻ ብዬ ሰው የሚያለቅስበት ቦታ መቆም አልፈለግኩም። ባ አልተቀየሙም። ጫማቸውን ሰጡኝና ገቡ።

የሠዓሊዎቹ ሰፈር እዚያው ቅርብ ነው። ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ሱቅ። አንድ ሠዓሊ በሩን ከፍቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ጉልበቱ ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ጨርቅ። ቀለሙ በዛጎል ውስጥ ነው። ብሩሹ ከሽኮኮ ጭራ ፀጉር ነው፤ ጫፉ ላይ አንድ ፀጉር ብቻ ነው የሚተርፈው። የላም ዓይን እየሳለ ነበር። ትንፋሹን ይይዛል፣ ያሰምራል፣ ይተነፍሳል። ቆሜ አየሁት። የላሟ ቅንድብ አስራ ምናምን ጊዜ ተሰመረ። ቀና አላለም።

ጨርቁን ሳየው ያው ነው። ሴቶች፣ ላሞች፣ ደመና፣ መሐሉ ላይ ዛፍ።

«አልቋል?» አልኩት።

«ይቺ ላም ቀርታለች።»

«መሐሉስ?»

«መሐሉ የኔ ሥራ አይደለም» አለኝ። «ይሄ ከኋላው ነው የሚሰቀለው። እዚያ ጋ እሱ ራሱ ይቆማል።»

አስጎብኚዋ ያለችኝን ነው ያለኝ። ሙዚየም ውስጥ የሰማሁት ስለ ዕቃ ነበር። ይሄ ሰውዬ ግን ለሚመጣ ሰው ቤት እያዘጋጀ ነው። ለበጋው ሙቀት የሎተስ አበባ የሞላበት ኩሬ ይስሉለታል፣ እንዲቀዘቅዘው። ለክረምት ደመናና ጣዎስ። ለመስከረምና ጥቅምት ሙሉ ጨረቃ። ወቅቱ ሲለወጥ ከኋላው ያለው ጨርቅ ይለወጣል። ለሕፃን ልጅ ግድግዳ ላይ ሥዕል እንደሚለጠፈው።

ከግቢው ውስጥ ድምፅ ተነሳ። በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ሰዉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ የባን ጫማ ይዤ ስሰማ፣ ጎንደር ጥምቀት ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ታቦቱ ሲወጣ ያለው እልልታ። እኛም እኮ ተሸፍኖ ለሚወጣ፣ በዓይናችን አይተነው ለማናውቀው ነገር ነው እልል የምንለው።

ባ ወጡ። ነጠላቸው ከራሳቸው ወርዷል፣ ፀጉራቸው ተበትኗል፤ ግፊያው ቀላል አልነበረም። ፊታቸው በእንባ ርሷል። ይነግሩኛል ብዬ የጠበቅኩትን አውቃለሁ። ጸለይኩልሽ፣ ለልጄ ለመንኩለት፣ ጉልበቴ ተሻለኝ። የሆነ እንደዚህ ያለ ነገር።

ጫማቸውን እያጠለቁ ትከሻዬን ያዙ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ብርድ ነው ዛሬ» አሉ። «ግን ደህና አልብሰውታል። ጥጥ ያለው ወፍራም ልብስ ነው። ፊት ለፊቱ ምድጃ አስቀምጠዋል።»

ደስታቸው ይሄ ነበር። ይሄን ለማረጋገጥ ነው ሌሊቱን ሙሉ የተጓዙት።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። በየሳምንቱ በስልክ እሰማው ነበር። እማዬ ደውላ ትምህርት እንዴት ነው ብላ አታውቅም። «በልተሻል? ብርድ አለ? ምን ለበስሽ?» ነው የምትለው። እኔም ሁልጊዜ ሌላ ነገር እስክታወራ እጠብቅ ነበር። ሌላ ነገር የላትም ነበር ለካ።

ዛፉን ጠየቁት

ዛፉ ካዳምባ ነው የሚባለው። ዝም ብሎ ቦታ መሙያ አይደለም። በጥንቱ ታሪክ፣ በባጋቫታ ፑራና አሥረኛ መጽሐፍ ውስጥ፣ በጨረቃ ሌሊት ክሪሽና ዋሽንቱን ይነፋል። የመንደሩ ሴቶች ይሰሙታል። አንዷ እሳት ላይ የጣደችውን ወተት ጥላ ትወጣለች። አንዷ አንድ ዓይኗን ብቻ ተኩላ ትሮጣለች። ጫካ ውስጥ ያገኙታል። እያንዳንዷ የኔ ብቻ ነው ብላ ልቧ ሲያብጥ እሱ ይሰወራል።

ያኔ ነው ዛፎቹን መጠየቅ የሚጀምሩት። አንድ በአንድ። ማንጎውን፣ ካዳምባውን። «አይታችሁታል? በዚህ አልፏል?» ዛፍ አይመልስም። ከዚያ ናፍቆቱ ሲብስባቸው እሱን መሆን ይጀምራሉ። አንዷ እንደ እሱ ትራመዳለች። አንዷ ነጠላዋን በእጇ ወደ ላይ ታነሳና «ዝናቡን አትፍሩ፣ ተራራውን ይዤላችኋለሁ» ትላለች።

እዚህ ቦታ ላይ ባነበብኩ ቁጥር እቆማለሁ። ነጠላ አንስታ ተራራ ነው የምትል ሴት። የነሐስ ሕፃን እንዳይበርደው ሹራብ የሚሠሩ ባልቴት። ውጭ የቆመ ሰው ሞኝነት ይለዋል። እኔም ብዬዋለሁ፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብዬ በልቤ አልፌዋለሁ። ግን እነሱ የጎደለውን ነገር አልካዱም። አለመኖሩን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሚያደርጉት ቦታውን እንዳይዘጋ መጠበቅ ነው።

የሕንድ የፍቅር ሥዕል ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ክሪሽናና ፍቅረኛው ራድሃ ተቃቅፈው፣ በአንድ ነጠላ ተከናንበው፣ በዝናብ ውስጥ ሲሄዱ ነው። ከሂማላያ ግርጌ፣ ከካንግራና ከጉለር የወጡት እነዚያ ትንንሽ ሥዕሎች በእውነት ያምራሉ። ክፋት የለባቸውም። ለእኔ ግን መሐሉ ባዶ የሆነው ይበልጥብኛል። መገናኘትን ማንም ይስለዋል። ናፍቆትን ለመሳል ግን ያልመጣውን ሰው መተው ይጠይቃል። እነሱ ቪራህ ይሉታል፤ በመለየት ውስጥ ያለ ፍቅር። ከመገናኘት ይበልጣል ብለው የሚከራከሩለት ሊቃውንት አሏቸው። እኛም ትዝታ ብለን ቅኝት ያወጣንለት ሕዝብ ነን፤ ለማስረዳት አይቸግረንም።

ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በጎቨርደን ተራራ ለሽሪናትጂ ይዘምሩ ከነበሩት ባለቅኔዎች አንዱ ሱርዳስ ግን በትውፊት ዓይነ ስውር ነበሩ። ሕፃኑ ቅቤ ሲሰርቅ፣ አፉ ተለቅልቆ አልበላሁም ሲል፣ እናቱ ስታባርረው፣ ይህን ሁሉ ያዜሙት እሳቸው ናቸው። ዓይናማ ሠዓሊዎች የዓይነ ስውሩን ቃል ሰምተው ሣሉ።

ባ ፎቶግራፍ ፊት የተለጠፈበትን ሥዕል ሲያጸዱ አንድ ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። ጨርቁን ረጠብ አድርገው መጀመሪያ የሚጠርጉት የአምላካቸውን ፊት አይደለም። ወደ እሱ የዞሩትን የባላቸውን አያት ነው። «አቧራ ዓይናቸው ላይ ካለ እንዴት ያዩታል?» አሉኝ።

ረከቦቱ ጋ

ከናትድዋራ ያቺ ላም የተሳለችበትን ጨርቅ አልገዛሁም፤ የታዘዘ ነበር። ከሠዓሊው ትንሽ፣ የጠረጴዛ ልብስ የምታህል ሌላ ገዛሁ። ሁለት ሴቶች፣ አራት ላሞች፣ ዛፍ። ትምህርቴን ጨርሼ ጎንደር ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ መሐል ጠቅልዬ አመጣሁት።

ለእማዬ ማሳየቱ ትንሽ አስፈርቶኝ ነበር። የጣዖት ነገር ቤቴ አስገባሽ ትላለች ብዬ። የሕንድ ፊልም ትወድ ነበር በልጅነቷ፤ ዘፈኑን ሳይገባት በቃሏ ትወጣዋለች። ሥዕሉ ግን ሌላ ነገር ነው።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ቡና ተፈልቶ ነበር። ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ጎረቤት ሁሉ አይቶኝ ሄዷል፤ እኔ፣ እህቴና እማዬ ብቻ ቀርተናል። ረከቦቱ ላይ ሦስት ስኒ ነበር። ቆጠርኳቸው። ሦስት ብቻ። ጨርቁን አወጣሁና ሶፋው መደገፊያ ላይ ዘረጋሁት።

እማዬ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አሳረፈች። እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ጠጋ ብላ አየችው። ላሞቹን አየች፣ ሴቶቹን አየች። ጣቷን ከጨርቁ ትንሽ አርቃ፣ ሳትነካ፣ ዓይናቸው የሚያይበትን መስመር ተከትላ ዛፉ ጋ ደረሰች። እዚያ ቆየች።

እኔ የሙዚየሙን ጥያቄ እየጠበቅኩ ነበር። ማን ነው የጎደለው፣ ለምን አልጨረሱትም።

«ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለችኝ።

«አንድ ልጅ ነው እማዬ።»

«ቆየባቸው?»

«ቆየ።»

አንገቷን ነቀነቀች። ወደ በርጩማዋ ተመለሰችና ሁለተኛውን ቡና መቅዳት ጀመረች።